ቅንጣት ታህል

ሕጉ ከመውጣቱ በፊት ሲስተር ትርንጎ በየጊዜው ቤታቸው እየመጣች፣ የአጥንት ነቀርሳ የያዛቸውን አቶ ደምለውን "ሕመሙ እንዴት ነው?" ትላቸው ነበር። እሳቸው "ቅንጣት ታህል ነው" ሲሏት፣ ግንባራቸው ላይ ያቸፈቸፈውን ላብ አይታ ሙሉውን የማስታገሻ መርፌ ትወጋቸው ነበር። እንደ እሳቸው ያለ ጨዋ ሰው ነፍሱ ልትወጣ ስትል እንኳ ከዚያ በላይ እንደማያማርር ታውቃለች።

አሁን ሲስተር ትርንጎ ቀርታለች። በየቤቱ ግድግዳ ላይ ሐኪም የሚባል መሣሪያ ተሰቅሏል፤ በአዲሱ ሕግ መድኃኒት የሚሰጠውም ታማሚው በገዛ አንደበቱ በተናገረው ልክ ብቻ ነው።

"አባቴ፣ ሕመምዎ ምን ያህል ነው?" አለ መሣሪያው።

"እግዜር ይስጥልኝ። ቅንጣት ታህል ነው" አሉና አቶ ደምለው የጋቢያቸውን ጠርዝ ነከሱ።

"ቅንጣት፤ ከአሥር ዜሮ። መድኃኒት አያስፈልግም።"

ልጃቸው ስመኝ ብው አለች። "አንተ ቆርቆሮ! ጋቢውን ሲያኝኩ አታይም?"

"የአስታማሚ ቃል አይመዘገብም።"

"አባባ፣ በሞቴ፣ አንዴ 'ገደለኝ' ይበሉት!"

"ተይ እንጂ! ቤቴ መጥቶ ደህንነቴን ለጠየቀኝ እዬዬ ልበልበት?"

"ሰው አይደለም እኮ!"

"ባይሆንስ? ጠይቆኛል" አሉና ወደ መሣሪያው ዞሩ። "ይቅር በላት፣ ልጅ ናት። እኔ ደህና ነኝ።"

መሣሪያው አመስግኖ መብራቱን አጠፋ።

በሳምንቱ ስመኝ ጋቢውን አጥባ፣ ጫፍና ጫፉን አጋጥማ ልታጥፍ ስትል፣ አንዱ ጎን ከሌላው በአራት ጣት አጥሮ አገኘችው።