የትሬብሉ ቁጥር

«ማነው የነካው?» አለ ጋሽ ቅኝት፣ ጊታሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ። «ዛሬ ሳትናገሩ ከዚህ አዳራሽ የሚወጣ የለም!»

ልምምዱ ቆመ። ድራመሩ መምቻዎቹን ጭኑ ላይ አጋደመ። የድምፅ ባለሙያው ከሚክሰሩ ጀርባ ቀና አለና መልሶ አቀረቀረ። ዘፋኟ፣ የጋሽ ቅኝት ልጅ፣ ሻሿን እስከ ጆሮዋ ጎትታ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ብርድ መቶኛል እያለች ሰሞኑን ሻሽ አትፈታም።

ጠቡ በሳጥኗ ነው። ጋሽ ቅኝት ሃያ ስምንት ዓመት የተጫወተበት አምፕሊፋየር ነበረው፤ ለሁለት ሰው ሸክም የሆነ፣ ውስጡ እንደ አምፖል የሚበሩ ቱቦዎች ያሉት። ቱቦዎቹ ሲቃጠሉ ምትክ ጠፋ። የዛሬ ሁለት ዓመት የድምፅ ባለሙያው የመጨረሻዎቹ ሳይቃጠሉ ማይክ አምፕሊፋየሩ ፊት ደቀነና ድምፁን ዳቦ በምታክል ሳጥን ቀዳው። እንዲህ የተቀዳውን ድምፅ ፕሮፋይል ይሉታል። ያን ቀን ጋሽ ቅኝት የራሱን አምፕሊፋየርና ሳጥኗን እያፈራረቁ ቢያሰሙት መለየት አቃተው፤ «ይቺ ሌባ!» ብሎ ከልቡ ሳቀ።

አሁን የሚስቅ የለም።

«አፉን በጨርቅ የታሰረ ሰው ይመስላል እኮ! ዛሬ የከፈትኩት ድምፅ በሳምንቱ ታፍኖ ይጠብቀኛል። ቅዳሜ ሕዝብ ፊት በዚህ ልቁም?»

«ጋሼ፣ ፕሮፋይል እንደ ወተት አይበላሽም» አለ የድምፅ ባለሙያው ቀስ ብሎ። «እንደተቀመጠ ነው የሚገኘው።»

«እንግዲያው የሚያወርድብኝ ሰው አለ ማለት ነዋ!»

ቅኝት የሚለውን ስም ያወጡለት እነሱው ናቸው። ጀርባውን ሰጥቶ እያወራ፣ «የቤዙ ሦስተኛ ክር ወርዷል» ይላል፤ ሲታይ ወርዷል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ደፍሮ ይናገረው? ልጁ አንድ ቀን ሞክራ ነበር። «አባዬ፣ ትንሽ ጆሮ አይወጋም?» ብትለው «ጆሮሽን ታጠቢ!» አላት። ከዚያ ወዲህ ዝም ሆነ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ ሲንሾካሾኩ የከረሙትን ያልሰማው እሱ ብቻ ነው።

«ምስክር አለኝ» አለ፣ መነጽሩን ከኪሱ እያወጣ። «ያስተካከልኩትን ሁሉ በየጊዜው እዚህ አስቀምጫለሁ። ቆልፌዋለሁም፤ የቁልፉን ቁጥር የልጄ እናት እንኳ አታውቀውም። የኔ ትሬብል፣ ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣው፣ አምስት ላይ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት አምስት ላይ ነው! ከዚያ የወረደ ካገኘሁ የነካውን ሰው ታመጡልኛላችሁ።»

አምስትን ከድሮው አምፕሊፋየር ያውቃታል እንጂ፣ ጋሽ ቅኝት ሳጥኗን ሲያስተካክል ቁጥር አይቶ አያውቅም። ቁጥር ጆሮ ለሌለው ነው ባይ ነው። የትሬብሉን ማዞሪያ ያዞራል፣ ያዞራል፣ ድምፁ ሲከፈትለት «አሁን ነው!» ብሎ ያስቀምጣል። በቃ።

ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን ከፈተ። ትሬብል፣ አምስት።

«አላልኳችሁም?»

ቀጣዩን ከፈተ። አምስት ተኩል። «ይሁን፣ ተኩል ምንም አይደል።» ቀጣዩ ስድስት ተኩል ነው። ከዚያ ስምንት። ከዚያ ዘጠኝ። እያንዳንዱን በገዛ እጁ ያስቀመጠው፣ በገዛ ቁልፉ የቆለፈው እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ያስተካከለው አስር ላይ ቆሟል። ከአስር በላይ ቁጥር የለም።

ያወረደበት ሰው ኖሮ አያውቅም።

«ሳጥኗ ቀልዳለች» አለ። የሚከራከረው ሰው ፈልጎ ዞር ዞር አለ፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያሉ። ከቁጥሩ ይልቅ ይሄ አስፈራው፤ አንዳቸው እንኳ አልገረማቸውም።

የድምፅ ባለሙያው መጥቶ አጠገቡ ቁጢጥ አለ። «ጋሼ፣ የመጀመሪያውን ላምጣልህ? አምስቱን?»

«አምጣው! አምጣውና ሁሉም ይስማው!»

አመጣለት። ጋሽ ቅኝት እልህ ይዞት የሚወዳትን የዘፈን መግቢያ መታ። ወፍራሞቹ ክሮች ከጭቃ ውስጥ እንደሚመጣ ነገር ደረሱት። ወደ ቀጭኖቹ ሲወርድ ግን ድምፁ ጠፋ፤ ፒኩ ክሩን ሲነካ ጣቱ ላይ ይሰማዋል፣ የጊታሩ ጀርባ ሆዱ ላይ ይንቀጠቀጣል። መጮሃቸውን ያወቀው በሆዱ ነው። አርባ ዓመት የኖረባት ቀጭን ድምፅ የለችም። እዚያው እንደቆመ ራሱን ትንሽ ሆኖ አገኘው። ቢሆንም አላቆመም፤ እስከ መጨረሻዋ ኖታ ሄደና «ይኸው፣ ታፍኗል!» ሊል ቀና አለ።

«አሁን ገና!» አለ ድራመሩ፣ መምቻዎቹን ብድግ አድርጎ። ክፋት የለበትም፣ ፊቱ በርቷል። «ይሄ ነው እንጂ ድምፅ! የት ከርመህ ነው ጋሼ?»

የድምፅ ባለሙያው እንዳይናገር በዓይኑ ጠቀሰው። ግን ቃሉ አምልጦታል።

ልጁ ከጥጉ ተነሳች። ሻሿን ወደ ኋላ ገፋ አደረገችና ከቀኝ ጆሮዋ ጥጥ አወጣች። ከግራውም አወጣች።

«አባዬ፣ እስቲ ድገመው» አለችው፣ ፈገግ ብላ።

እሱ የሚያየው እጇን ነው። ሁለቱን ጥጦች አልጣለቻቸውም፤ አጣጥፋ ኪሷ ከተተቻቸው።