በምሳ ሰዓት የምትነሣ እጅ

የሥራ ባልደረባው እየሳቀ ኮምፒውተሩን ወደ እሱ አዞረው። «ና እስቲ፣ የሰው ጓዳ ተመልከት። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ያልቀየረ ሰው ካሜራው ኢንተርኔት ላይ እንዲህ ተፈልጎ ይገኛል፤ በርን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው።» ስክሪኑ ላይ አንዲት አሮጊት መስኮት ሥር ተቀምጣ ነበር፤ የወንበሯ የተሰበረ እግር በሰማያዊ ክራባት ታስሯል። ክራባቱን የት እንደሚያውቀው ግራ ገባው። ያሰረው ራሱ ነበር።

እናቱ ብትወድቅ ሊደርስላት ካሜራውን ሲሰቅል፣ ወንድሞቹ እንዳይቸገሩ ብሎ የይለፍ ቃሉን እንዳለ ትቶት ነበር። ጠባቂ ያደረገው ዓይን ለባዳ ማደሩ አልገባው አለ። እሷም እንደ ወትሮዋ ወደ ካሜራው ቀና ብላ፣ ልጄ ያየኛል በሚል እጇን አወዛወዘች።

«በየቀኑ በምሳ ሰዓት ሰላም ትለናለች» አለ ባልደረባው፣ እጁን መልሶ እያወዛወዘላት። ልጇ መዳፉን ዘርግቶ ስክሪኑን ሸፈነ፤ በጣቶቹ መካከል ግን እጇ አሁንም ትታየው ነበር።