ልጄን በጥንቆላ የከሰስኩበት ካርድ

«ማንን ልትጎጂበት ነው ያስቀመጥሽው?» አልኳት... በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ፊት።

ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ጣልኩት።

መዳፍ የምታህል ካርድ ናት። ቀይ ልብ ተስሎባታል። ልቡ ላይ ሦስት ሰይፍ ተሰክቷል። ከኋላው ዝናብ ይዘንባል።

ልጄ አቢጊያ አንገቷን ደፍታለች።

ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጂንካ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። እሁድ እሁድ መዘምራን ውስጥ ትዘምራለች።

ካርዱን ያገኘሁት መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ነው...

አንድ አስጎብኚ ጠየቅኩ። «ፈረንጆች የሚጠነቁሉበት ነው፣ ታሮት ይሉታል። ይቺኛዋ የሐዘን ናት» አለኝ።

ሌላ አልጠየቅኩም። እሷንም አልጠየቅኳትም። በቀጥታ ለሽማግሌዎች ነገርኩ።

«ወንድም አንጁሎ፣ መጀመሪያ ቤት ውስጥ ብትጠይቃት አይሻልም ነበር?» አሉኝ ጋሽ ሶርሳ። ከሽማግሌዎቹ ትልቁ እሳቸው ናቸው።

«አባቶቻችን የፍየል አንጀት ዘርግተው ስለ ነገ ይጠይቁ ነበር። እኛ ያንን ትተን ነው ጌታን የተቀበልነው። ልጄ ስለሆነች ልደብቃት?»

ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ያኔ ኮራሁ...

አንዱ ሽማግሌ ካርዷን ገልበጥ አድርጎ አያትና «እኔማ የቁማር መስላኝ ነበር» አለ። ማንም አልሳቀም።

«ልጄ፣ ተናገሪ እንጂ» አሏት ጋሽ ሶርሳ። «ካላስረዳሽን ከመዘምራን ትወጫለሽ። ሰውም ሌላ ስም ያወጣልሻል።»

ቀና አለች።

«የኔ አይደለችም» አለች።

«የማን ናት ታዲያ?»

«የአባባ ናት።»

ሳቅኩ። እኔ የምስቅ ሰው አይደለሁም። «ጠንቋዩ እኔ ሆንኩ?»

እሷ ግን እኔን አላየችም። ለጋሽ ሶርሳ ነው የነገረቻቸው።

«አንዲት እንግዳ ካርዶቿን አልጋ ላይ ዘርግታ ነበር። ይቺን ሳይ መጥረጊያውን ይዤ ቀረሁ። ምን ማለት ናት? አልኳት። ‹ልብ የሚወጋ ሐዘን ናት› አለችኝ። ‹ሰው ይፈራታል፣ ግን ክፉ ነገር ይመጣል ማለት አይደለም። የተወጋ ሰው መወጋቱን ካልተናገረ ሰይፉን ማን ያወጣለታል?›»

«እሺ... ከዚያስ?»

«‹ይሄማ አባቴ ነው› አልኳት። ሰጠችኝ። ላሳየው ብዬ ነበር... ፈራሁት።»

ሽማግሌዎቹ ከሷ ላይ ዓይናቸውን አንስተው እኔን ማየት ጀመሩ።

ዶላሞ ታላቅ ወንድሟ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት በሞተር ተገልብጦ ሞተ። እናታቸው ቀደም ብላ ስላረፈች ቤቱ የሦስታችን ብቻ ነበር።

የቀብሩ ዕለት አቢጊያ ስትጮህ ክንዷን ጨምድጄ ያዝኩ። «አማኝ እንዲህ አያለቅስም። ወንድምሽ ጌታ ጋ ነው» አልኳት።

ዋጠችው።

ሰው ሁሉ እምነቴን አደነቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ቤታችን ውስጥ አልተጠራም።

«አባባ ካኮ ገበያ ሲሄድ በመንገዱ አይሄድም» አለች አቢጊያ። «ወንድሜ የወደቀበትን እንዳያይ በሰው ማሳ ሁለት ሰዓት ይዞራል። የማናውቅ መስሎት...»

ተነስቼ ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ ጥፋት የለባትም አሉ። ወሬው ግን ገበያ ደርሶ ነበር። «ጠንቋይዋ» ይሏት ጀመር። ያንን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ።

ቤት አልተመለሰችም። ጂንካ ክፍል ተከራየች።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገራችሁ...

ዶላሞ የሞተ ቀን ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ነበር። «አባባ፣ መንገዱ ጭቃ ነው። ቡናውን ካኮ ገበያ ነገ ልውሰደው» አለኝ።

«ወንድ ልጅ ጭቃ ይፈራል?» አልኩት።

ሄደ።

ልጄን አታልቅሺ ያልኳት ለዚህ ነው። ካለቀሰች ታወራለች። ካወራች ደግሞ አንዱ ተነስቶ «በዚያ ዝናብ ማን ላከው?» ይላል።

እምነት አልነበረም... ፍርሃት ነበር።

ሦስት ሳምንት ቆይቼ ጂንካ ሄድኩ። በሯን አንኳኳሁ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ከፈተች። አልሳመችኝም። ወንበር ግን ሰጠችኝ።

«ዶላሞን ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ አባባ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ያን ቀን ጓዳ ነበርኩ። ሰምቻችኋለሁ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ታውቅ ነበር...

እኔ እሷን ባልሠራችው ነገር በሰው ፊት አቆምኳት። እሷ ግን የሠራሁትን እያወቀች ሸፈነችልኝ።

መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ።

ከዚያ አለቀስኩ። በልጄ ፊት አልቅሼ አላውቅም። እሷም የቀብሩ ዕለት የዋጠችውን አወጣችው። ድምፃችን ግቢውን ሞላው።

ጎረቤቷ እትዬ አስካል ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየሮጠች ገባች።

«ምነው ልጄ... ማን ሞተባችሁ?»

«ወንድሜ» አለች አቢጊያ።

«ውይ... መቼ?»

«ሁለት ዓመቱ ነው።»

ሴትዮዋ አንድ ጊዜ እሷን፣ አንድ ጊዜ እኔን አየች። ትስቅብናለች ብዬ ነበር።

ጫማዋን አውልቃ አጠገባችን ተቀመጠች።

«በሉ ንገሩኝ» አለች። «እንዴት ያለ ልጅ ነበር?»

...

በማግስቱ እሁድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ልጄን ይቅርታ ጠየቅኩ። ቡናውን ያስጫንኩት እኔ መሆኔንም ተናገርኩ። አቢጊያ መዘምራን ውስጥ እስከ ዛሬ አልተመለሰችም። አልፈርድባትም።

እኔ የተማርኩት ይሄን ነው። ያዘነን ሰው ዝም ማሰኘት ማጽናናት አይደለም። አንዳንዴ «አታልቅስ» የምንለው ለሱ ብለን ሳይሆን የራሳችን ጉድ እንዳይወጣ ነው።

እናንተስ... አታልቅሺ ብላችሁ ያፈናችሁት ሰው ቤታችሁ ውስጥ አለ? እውነቱን ጻፉልኝ፣ አነበዋለሁ።