አምስተኛው ሙዚቃ ላይ ያለው ዝምታ

ሸዋንግዛው ሮም ከገባ ወዲህ በስሙ የጠራው ሰው የለም። የሚጦራቸው ሽማግሌ፣ ሲኞር አልዶ፣ በሞተው ልጃቸው ስም «ሪካርዶ» ነው የሚሉት። እንዳይረሳው ብሎ አንዳንዴ ስሙን ራሱ ይጠራዋል። ከሰዓት በኋላ እሳቸው ሲያሸልቡ፣ ከሪካርዶ የቀረውን የእንግሊዞች ቴክኖ ሲዲ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይከፍታል። ዘፋኝ የለውም፤ ምት ብቻ ነው።

አንድ ሰኞ፣ አምስተኛው ሙዚቃ መሃል ምቱ ቆመና አንዲት ሴት በጠራ አማርኛ «ሸዋንግዛው!» አለች።

እናቱ «ጠሪህን ሳታይ አቤት እንዳትል» እያለች ነው ያሳደገችው፤ ዝም አለ። ማክሰኞም ጠራችው፤ ጥርሱን ነክሶ ቻለው። ረቡዕ ግን ብቸኝነቱ አሸነፈውና «አቤት!» አለ። ምቱ ቀጠለ እንጂ መልስ አልመጣም።

ሐሙስ አፉን በእጁ ይዞ ጠበቀ።

«ሸዋንግዛው!»

«አቤት!» አለ የራሱ ድምፅ፣ ከማጫወቻው ውስጥ።

«ምነው ቆየህ? ና እንሂድ!»

ሁለቱ እየተሳሳቁ ራቁ፤ ምቱም ተመለሰ። ሸዋንግዛው እጁን ከአፉ አንስቶ «ቆዩኝ!» ሊል ከንፈሩን አንቀሳቀሰ።

ሲኞር አልዶ ነቅተው ያዩት ነበር።

«ጮክ በል እንጂ፣ ሪካርዶ! ምንም አይሰማም።»