የእድሩ አፕ

የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ስላረጁ ለቅሶ በስልክ እንዲነገር ተወሰነ። አርማውንም፣ የአፑን መልክም፣ በስልኩ ላይ የምትንቀሳቀሰዋን ጥሩምባም እንድትሠራ አንዲት የግራፊክስ ባለሙያ ቀጠሩ። የሰፈሩ ተከራይ ናት፤ ማልዳ ወጥታ ሲመሽ ትገባለች።

"ሰው ካላስደነገጠ ሥራውን ለሌላ ነው የምሰጠው፣" አሏት የእድሩ ዳኛ አቶ ሽብሩ።

ጥሩምባዋን አነቃነቀቻት፣ ጥቁሩን ቀለም አደመቀችው፤ እሷን እንኳ አላስደነገጣትም። ለናሙና የሟች ስም ሲያስፈልግ፣ በሰው ላይ ማሟረት ይሆናል ብላ የራሷን ስምና የቤቷን አድራሻ ጻፈች። አቶ ሽብሩ እንዲያዩት ላከችላቸው። እሳቸው ያለ መነጽራቸው ሲነካኩት ለአባላቱ ሁሉ ደረሰ።

አመሻሽ ላይ ስትመለስ በሯ ላይ ድንኳን ተተክሏል። አስከሬን እስኪመጣ እየጠበቁ ሴቶቹ ደረት ይመታሉ።

ሥራውስ ሠርቷል፣ አለች በሆዷ። ልትናገር አፏን ስትከፍት አንዲት አሮጊት ጎረቤት እጇን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ ንፍሮም ዘገኑላት።

"አይዞሽ ልጄ። ደግ ነበረች ይላሉ፤ እኔስ መልኳንም አላውቀው። አንቺ ታውቂያት ነበር?"

"ብዙም አላውቃትም፣" አለች ንፍሮውን እያላመጠች።