የብር አልቦ

አማትየዋ ከጀልባው ሲወርዱ መጀመሪያ ያሉት "ይኸው ነው?" ነበር።

መንደሩ ወንዙን ተከትሎ ተደርድሯል። ሦስት መቶ ዓመት አለፋቸው የሚባሉ የድንጋይ ቤቶች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ መንገድ፣ መጨረሻው ላይ ትልቁ የውሃ ወፍጮ። ልጃቸው ሥራ ስለነበረበት ለእናቱና ለሚስቱ የደርሶ መልስ ትኬት ቆርጦ፣ "ዛሬ እንኳ ተስማምታችሁ ዋሉ" ብሎ ነው የላካቸው።

"ድንጋይ ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ!" አሉ አማትየዋ። "ጓሯችን የፈረሰው አጥር ምን አለው? እሱም ድንጋይ ነው።"

 የምራትየዋ ዓይን ልጇ ላይ ነው። የአምስት ወር ልጅ ናት፤ በአያቷ እቅፍ ተኝታለች። ከቤት ከወጡ ጀምሮ እናቷ አንዴም አልያዘቻትም።

"እማማ፣ ደከመዎት፣ ልቀበልዎት?"

"አንቺ? ባዶ እጅሽን ስትሄጂ የምትደናቀፊው? ተይ፣ እኔ ሰባት አሳድጌያለሁ።"

በየጥቂት እርምጃው እጃቸውን በመጠቅለያው ስር እየሰደዱ የሕፃኗን ቁርጭምጭሚት ይዳብሳሉ። እዚያ የብር አልቦ አለ። እሳቸው በሕፃንነታቸው ያደረጉት ነው። ይህንንም ለትኬት ቆራጩ፣ ለጀልባ ነጂውና አጠገባቸው ለተቀመጠው ሁሉ ነግረዋል።

የወፍጮ ቤቱ ደረጃ ጠባብና ያረጀ ስለሆነ ሕፃን ይዞ መውጣት አይፈቀድም። በረንዳው ላይ አንዲት ሞግዚት አምስት ቅርጫቶች ደርድራ ተቀምጣለች። የጎብኚዎቹ ሕፃናት እዚያ ይተኛሉ። የወንዙ ንፋስ ብርቱ ስለሆነ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀይ ጥለት ያለው ነጭ ብርድ ልብስ ይለብሳሉ፤ የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ።

ሞግዚቷ ሕፃኗን ተቀብላ በር አጠገብ ካለው ቅርጫት አስተኛቻትና እግሯን ዳሰሰች። "ቀዝቅዟታል እኮ፣ ካልሲ የላትም? ውይ፣ አልቦው ሲያምር!"

አማትየዋ ወደ ምራታቸው ጆሮ ጠጋ አሉ። ሹክሹክታቸው ግን ወንዙ ማዶ ይሰማል።

"አየሻት? ዓይኗ የት እንዳረፈ አየሽ? እንዲህ ያለችዋን እኔ ከሩቅ ነው የማውቃት።"

ሞግዚቷ ሰምታም እንደሆን እንዳልሰማች ሆነች። አራት ቁጥር የተቀረጸበት ትንሽ እንጨት ሰጠቻቸው። "ጓደኛው ቅርጫቱ ላይ ታስሯል። ስትወጡ ይህን ስጡኝ። እኔ ሳልኖር እንዳትወስዱ፣ አደራ።"

"የልጅ ልጄ ጫማ ናት እንዴ ቁጥር የሚወጣላት?" አሉ አማትየዋ። "በር አጠገብ ያለችው፣ አለቀ። ለዚህም ወረቀት ይጻፍ በይና አሳቂብን።"

ምራትየዋ ግን እንጨቱን ተቀብላ መዳፏ ውስጥ ጨበጠችው።

አማትየዋ ደረጃውን ወጥተው ሲጨርሱ ጉልበታቸው ያዛቸውና አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። ከአንድ ሰዓት በላይ እዚያው ሆነው ወፍጮውን ሰደቡ። ምራትየዋ በትንሿ መስኮት ወደ ታች ታያለች። ፀሐይ በረንዳውን ይዛዋለች፤ ሞግዚቷ ጎንበስ ብላ ቅርጫቶቹን እየገፋች ወደ ጥላው ታዘዋውራለች።

"ምን እያደረገች ነው?" አሉ አማትየዋ።

"ከፀሐይ እያሸሸቻቸው መሰለኝ።"

"መሰለኝ! የሰው እግር ስር ምን ያስጎነብሳታል? እንግዲህ አልቦዬ ቢጠፋ እይ።"

የጀልባው ጡሩምባ ሲነፋ ወረዱ። በረንዳው ላይ ሞግዚቷ የለችም። ከውስጥ ክፍል አንድ ሕፃን ያለቅሳል፤ የሞግዚቷ "እሹሩሩ" ይሰማል። ምራትየዋ ለቅሶውን ስትሰማ ጡቷ ወተት አፈሰሰ፤ ሸሚዟ ራሰ።

"በሰው ልጅ ለቅሶ የሚፈስ ወተት!" አሉ አማትየዋ። "ለራስሽ ልጅ በሆነ!"

በር አጠገብ ካለው ቅርጫት ውስጥ ተኝታ የነበረችውን አንስተው ብርድ ልብሱን እስከ ፊቷ ሳቡት።

"እማማ፣ ሴትየዋን ብንጠብቅ... ቁጥሩንም..."

"ጀልባው ይጠብቀናል? ነይ ወዲህ!"

"እስቲ ፊቷን ልያት።"

"ልትቀሰቅሻት? ንፋሱን አታይም?"

ጀልባው ከመሳፈሪያው ሲላቀቅ ሞግዚቷ እየሮጠች መጣች። እጇን ታወናጭፋለች፣ ትጮኻለች፤ የሞተሩ ድምፅ ቃሏን ዋጠው።

"ይህን እንጨት ይሆናል የፈለገችው" አለች ምራትየዋ፣ መዳፏን ዘርግታ።

"ጉርሻ ነው የፈለገችው! አምስት ቅርጫት ጠብቃ ተሸላሚ ልትሆን! ንዳው ወንድሜ፣ ንዳው።"

ተሳፋሪው ሳቀ። አማትየዋ ሳቁ ጥሟቸው ተመቻቹና እንደ ልማዳቸው እጃቸውን በብርድ ልብሱ ስር ሰደዱ። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። አንዱን እግር ዳበሱ፤ ሌላውን ዳበሱ።

"ሌባ!" አሉ ብድግ ብለው። "አላልኩም? አላልኩሽም አንቺ ፈዛዛ? አልቦዬን ወስዳዋለች! መልሰው! ጀልባውን መልሰው!"

"አልቦው ይቅር እማማ" አለች ምራትየዋ። "ልጄ ደህና ወጥታልኛለች፣ ይበቃኛል።"

"ላንቺ ይበቃሻል፣ ቀድሞ ምን አውቀሽ!"

ጀልባ ነጂው እየተነጫነጨ አዞረው። አማትየዋ ሕፃኗን ደረታቸው ላይ እንደ ታቀፉ ወደ ጀልባው ፊት ሄደው ቆሙ። በዚያ መንደር ሰው ሁሉ ፊት የሚሉትን በልባቸው ደርድረዋል። መሳፈሪያው ላይ ሰው ተሰብስቧል። አንዲት ወጣት ሴት ጫማዋን ጥላ እስከ ጉልበቷ ውሃ ውስጥ ገብታለች፤ እሷም ጣቷን ወደ ጀልባው ቀስራ "ሌባ!" እያለች ትጮኻለች።

ከኋላዋ ሞግዚቷ ቆማለች፤ ያቀፈቻት ሕፃን ብርድ ልብሱን በእርግጫ ጥላዋለች፤ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የብር አልቦ ያበራል።