የእህቴ ትንፋሽ

እህቴ የዘረጋሁላትን የጆሮ ማዳመጫ አልቀበልም ትለኛለች። ጆሮዋ ውስጥ ገብቶ የሚንሾካሾክ ነገር አትወድም፤ እንደ ሰው በስፒከሩ አሰማኝ ትላለች። ይህንም የምትለው ከቀዶ ጥገናው በኋላ በተረፋት፣ ወረቀት ሲቀደድ በሚመስል ድምፅ ነው። የሠራሁትን አንዴ ከሰማች በኋላ ከዚህች የቀረጻ ክፍሌ ወጥታ ግቢ ውስጥ ላለችው እማዬ እውነቱን ትነግራታለች። ለዚህ ነው የመጣችው።

ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ቁርጡን ነግሯታል። እንቅርቱ ሲወጣ የተጎዳው ነርቭ አይድንም። መናገር ትችላለች፤ መዝፈን ግን አበቃ። እናታችን ይህን አታውቅም። ስድስት ወር ሙሉ "ሐኪሙ ታገሺ ብሏል" እያልን፣ ዛሬ ነገ ስንል ከረምን። እሷም አምናን፣ በየጠዋቱ ስልክ ደውላ "ድምፅሽ እንዴት አደረ?" ትላታለች፣ ሌላ ክፍል የተኛ በሽተኛ ይመስል።

እኔ በበኩሌ ስድስቱን ወር እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። አቀናባሪ ነኝ፤ እህቴ በስምንት ዓመት ውስጥ የዘፈነችው ሁሉ እኔ ዘንድ አለ። ያን ሁሉ እየመገብኩ ኮምፒውተሩን ድምፅዋን አስተማርኩት። አሁን ከየኖታው ስር ቃሉን ብጽፍለት በእሷ ድምፅ ይዘፍናል። መጀመሪያ ላይ ጉንፋን የያዘው የአውቶብስ ጣቢያ ድምፅ ማጉያ ነበር የሚመስለው። ስክሪኑ ላይ የዜማውን መስመር በማውዝ ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ቀስ በቀስ አቃናሁት።

ያም ሆኖ አንድ ነገር ይጎድለው ነበር። እህቴ አዝማቹ ሊገባ ሲል ደረጃ እንደወጣ ሰው አየር የመሳብ ልማድ ነበራት። ቀረጻዋን ሳጸዳ ጉድለት ነው ብዬ ያን ትንፋሽ ስቆርጥ የኖርኩት እኔው ነኝ። አሁን አንዲት ያልተቆረጠች ትንፋሽ ፍለጋ ሦስት ሳምንት ፋይል ለፋይል ዞርኩ። በመጨረሻ አንድ የተረሳ ልምምድ ውስጥ አገኘኋት።

ዘፈኑን አስጀምራለሁ። ከመታመሟ በፊት ለእሷ ብዬ የደረስኩት ነው፤ አንድም ቀን አልዘፈነችውም። እህቴ የአንገቷን ጠባሳ የሸፈነውን ሻርፕ ይዛ ታዳምጣለች። ትንፋሿ ሲመጣ ብድግ ትላለች።

"ይቺን ከየት አመጣሃት?"

"ከጣልኩት ውስጥ" እላታለሁ።

ዘፈኑ ሲያልቅ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ስፒከሩ እያየች ትናገራለች።

"ከእኔ ትሻላለች። እሷ አልታመመችም።"

በሩ ይከፈታል። ድምፅ እንዳይወጣ ብዬ በሩን በስፖንጅ፣ ግድግዳውን በአሮጌ ፍራሽ የለበጥኩት ጎበዝ፣ ሙቀቱ በዝቶብኝ መስኮቱን ከፍቼ ረስቼዋለሁ። እናቴ ከመስኮቱ ስር ልብስ ስታሰጣ ነበር። ዓይኗን ሞራ ስለጋረዳት ከብርሃንና ከጥላ በቀር አታይም። በአንድ እጇ የልብስ መቆንጠጫ እንደያዘች፣ በሌላው ግድግዳውን እየዳሰሰች ትገባለች። ፊቷ እንዲህ ሲበራ ካየሁ ቆይቻለሁ።

"ተመለሰ አይደል?" ትላለች። "የድሮሽን ዘፈን ሁሉ አውቀዋለሁ፤ ይሄን አላውቀውም። አሁን ነው የዘፈንሽው። ትንፋሽሽን ሰማሁት እኮ።"

እናቴ መልስ አትጠብቅም። የማልሰማ መስሏችሁ ነው ወይ የምትደበቁኝ እያለች ትወቅሰናለች፤ ወዲያው ደግሞ እዚሁ ቆሜ ልስማሽ፣ ድገሚልኝ ትላለች። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት እህቴ ራሷን ትነቀንቅብኛለች። ቆርጣ የመጣችበት ነገር ሁሉ ከፊቷ ላይ ጠፍቷል። በጣቷ ኮምፒውተሩን ታሳየኛለች። አንጀቴን በላችው። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ማስጀመሪያውን ተጫንኩት።

ሙዚቃው ይጀምራል። እህቴ ድምፁ ከእሷ የሚወጣ እንዲመስል ስፒከሩ ፊት ሄዳ ትቆማለች። ዘፈኑን አንዴ ብቻ ሰምታው እንኳ ከንፈሯ ቃሉን አይስትም። እናቴ ወደ እሷ ትጠጋለች። ትከሻዋን ታገኛለች፣ ከዚያ ሻርፑን፣ ከዚያ መዳፏን ጉሮሮዋ ላይ ታሳርፋለች።

ልጆች ሳለን ዘፈን ያስተማረችን እንዲህ ነበር፤ መዳፏን ጉሮሯችን ላይ አድርጋ፣ "እዚህ ጋ ሲንቀጠቀጥ ነው ዘፈን የሚባለው" እያለች። ይህንንም እንደ መስኮቱ ረስቼዋለሁ።

ትንፋሿ ከስፒከሩ ይወጣል። የእህቴ ደረት አይነሳም። አዝማቹ ክፍሉን ይሞላዋል፣ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ነገር ሠርቼ አላውቅም፣ አፈርኩበት። የእናቴ ፈገግታ ጥቂት ይቆይና ቀስ እያለ ይከስማል። ላቆመው እጄን ወደ ማውዙ እሰዳለሁ።

"ሽቦ፣ ተወው" ትለኛለች፣ በልጅነቴ ባወጣችልኝ ስም። "ይጨርስ።"

ሦስታችንም ቆመን እናስጨርሰዋለን። በመስኮቱ የጎረቤት ውሃ ሲቀዳ ይሰማል። እናቴ መቆንጠጫውን ጠረጴዛዬ ላይ ታኖራለች፤ ሌላው እጇ ግን ከነበረበት አልተነሳም።

"አሁን ደግሞ አንቺ" ትላታለች።

እህቴ ወደ እኔ ትመለከታለች። የማስጀምርላት ነገር የለኝም።

"እማዬ" ትላለች፣ በዚያች በተቀደደች ድምፅ።

ከእናቴ መዳፍ ስር ጉሮሮዋ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።